ሃያ ሁለት እርምጃ

ሴልዊን ጊተንስን በዓይኑ ያየው ብዙ ነው፤
እኔ ግን በመዳፌ፣ በአጥንቴ ነው የማውቀው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከሦስቱ እንጨቶች ጀርባ፣
የላከውን ኳስ ሁሉ የቀለብኩት እኔ ነኝ፤
አንዱ ጣቴ ወዲህ ጎብጦ፣ አንዱ ወዲያ ዘሞ ቀረብኝ።
ሐኪሙ ራጁን ከመስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ
«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለኝ
«የጊተንስ ዊኬት ጠባቂ» አልኩት፤
አንገቱን ነቅንቆ ሌላ አልጠየቀኝ።

የሴንት ሉሲ ልጅ ነው፣ ከባርቤዶስ ሰሜን ዳር፤
ውሃው ጧት ሲሸሽ፣ በረጠበው አሸዋ፣
ከአጎቱ ልጆች ጋር
በቴኒስ ኳስ ነው መወርወር የጀመረ፤
ዱላቸው የኮኮናት ዝንጣፊ፣
ዊኬታቸው የዓሣ ሣጥን ነበረ።

ሲነሳ ከሩቅ ነው፣ ከሜዳው ገመድ ጥግ፣
በረዶ ሻጩ ጋሪውን ፈቀቅ ሲያደርግ።
ኳሷን ከጭኑ ያሻታል፣ አንድ ጎኗ እስኪያበራ፤
እሁድ ማታ ሚስቱ ዩላሊ ያንን ቀይ እድፍ ስትፈትግ
ስሙን ለሙገሳ አልነበረም የምትጠራ።
የግራ ጫማውን አፍንጫ በቢላ ቀዶታል፣
አውራ ጣቱ ትንፋሽ እንዲያገኝ።
ይመጣል፤
መጀመሪያ እንደ ሰው፣ ቀጥሎ እንደ ወሬ፣
ኋላ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጋልብ ዶፍ፤
ግራ እግሩ ሲያርፍ መሬቱ በጫማዬ ይነግረኛል፣
ክንዱ ጆሮውን ታክኮ ሲያልፍ።
ከዚያ ዝም።
በዚያች ዝምታ መቺው አንዲት ጸሎት ይጀምራል፤
አይጨርሳትም።

ስፌቷ ቀጥ ብሎ፣ እንደ ሐቀኛ ምስክር ትመጣለች፤
መቺው አመንኳት ሲል፣ የመጨረሻዋ ክንድ ላይ
ቃሏን ታጥፋለች።
አንዳንዴ ከእግር ጣት ሥር፣ አንዳንዴ ወደ ጉሮሮ፤
ጉሮሮውን ግን አይወድም።
ኪንግስተን ላይ አንድ ቀን የአንድ ልጅ መንጋጋ መታ፤
ሰው ሁሉ ወደ ልጁ ሲሮጥ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ፣
እሱ ተንበርክኮ ሣሩን ይዳብሳል።
ጥርሱን አገኘው።
ማታ በክብሪት ቀፎ አድርጎ ሆስፒታል ወሰደለት፤
ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ እኔ በር ላይ ቀረሁ፤
ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ፣
አንደኛው በፋሻ ውስጥ።

አሁን የኔን ኃጢአት ልናገር።
በመጀመሪያው ዓመት ከእንጨቱ ሃያ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆምኩ፤
እዚያም ድረስ ኳሷ ወደ ላይ እየወጣች ደረቴን ትሻ ነበር።
በስምንተኛው፣ ጉልበቱ ከተቀደደ ወዲያ፣
አንድ እርምጃ ተጠጋሁ።
ማንም አላየም።
በዘጠነኛው ሦስት።
ጋዜጣው «ጊተንስ እንደ ድሮው» ይላል፣
ሬዲዮው «ያው ነበልባል» ይላል፤
እግሬ ግን መዋሸት አያውቅም፣
ካልተጠጋሁ ኳሷ ከፊቴ ትወድቃለች።
እንደ ድንበር ገፊ ገበሬ፣ በጫማዬ ጫፍ፣
መሬት እየቆነጠርኩ ከረምኩ።

እሱም ያኔ ሌላ ጥበብ ተማረ፤
ክንዱ እንደ ድሮው ይወርዳል፣ ፊቱ እንደ ድሮው ይኮሳተራል፣
ኳሷ ግን ከጣቱ ዘግይታ ትወጣለች፤
ሰሙ እሳት፣ ወርቁ ዝግታ።
መቺው ቀድሞ ይሰነዝራል፣ አየር ይመታል፣
ከዚያ ዞሮ የእንጨቱን መውደቅ ያያል፤
ባቡር እንዳመለጠው ሰው ሳይሆን
ባቡሩ ሳይመጣ እንደተሳፈረ።

የመጨረሻው ቀን ጆርጅታውን ነበር፣ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ።
አሥራ ሦስት እርምጃ ላይ ቆምኩ።
ወደ መነሻው ሲሄድ ዞር አለ፤
መቺውን አላየም፣ ዳኛውን አላየም፣
እግሬን አየ።
ከእግሬ እስከ እንጨቱ ቆጠረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየኝ።
ከዚያ በመዳፉ ጀርባ፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው፣
«ወደ ኋላ» አለኝ።

ሄድኩ። ሃያ ሁለት።
ያቺን ኳስ ከየት እንዳመጣት አላውቅም፤
መቺው ነካት አልነካት፣ ዳኛው ጣቱን አነሳ አላነሳ፣
መዝገብ ያለው መዝገብ ይይ፤
እኔ የማውቀው፣ እየወጣች መጥታ ደረቴ ላይ
መዳፌን እንዳቃጠለችው ነው።
የቀጠለችው ግን ከፊቴ ሁለቴ ነጥራ
እንደ ደከማት ድመት እግሬ ሥር ተኛች።
ሳቀ።
ሹራቡን ከዳኛው እጅ ተቀብሎ ለበሰ፤
ገልብጦ ነበር የለበሰው፣ ስፌቱ ወደ ውጭ።
ያንንም አልነገርኩትም።